ማስታወቂያውን ማን ይክፈል? የአንዲት ምጣድ ሻጭ ጥያቄ እና የ140 ዓመት ታሪኩ

ባለፈው ወር አንድ ማታ ስልኬ ጠራ። የድሮ ተማሪዬ ናት። ካስተማርኳት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ አሁንም ግን "ቲቸር" ነው የምትለኝ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ "ቲቸር፣ የዛሬው ጥያቄዬ የታሪክ አይደለም፣ የንግድ ነው። ግን የማማክረው ሰው አጣሁ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ጠመኔ እንጂ ሸቀጥ ይዤ አላውቅም። ቢሆንም "በይ ንገሪኝ" አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ትሸጣለች። ምጣዱን የሚሠሩት እዚሁ ከተማ ውስጥ አነስተኛ ወርክሾፕ ያላቸው፣ ከብየዳ ሥራ ተነስተው እዚህ የደረሱ ትልቅ ሰው ናቸው። እሷ ከሳቸው ሀያ ሀያ እያደረገች ትወስዳለች፤ ግማሹን በእጅ በእጅ፣ ግማሹን በዱቤ። የቴሌግራም ቻናል ከፍታለች። ሁለት ጊዜም ከኪሷ አውጥታ ፌስቡክ ላይ ቡስት አስደርጋለች። ሰው ደወለ፣ ምጣዱም ተሸጠ። ማታ ቁጭ ብላ ስታሰላው ግን ለማስታወቂያ የወጣው ብር ከትርፏ አብዛኛውን በልቶታል።

"ቲቸር፣ ምጣዱ ላይ ያለው ስም የሳቸው ነው። እኔ ባስተዋወቅኩ ቁጥር ስማቸው ነው የሚያድገው። ታዲያ ለምን እኔ ብቻ እከፍላለሁ? ሄጄ 'ጋሼ፣ የኦንላይን ማስታወቂያ እናሠራ፣ ወጪውን እርስዎ ይሸፍኑልኝ' ልበላቸው ወይ?"

"ምን ከለከለሽ?" አልኳት።

ዝም አለች። ቀጥላ እንዲህ አለች፦ "ሐሳቡን ከወደዱትስ? የራሳቸውን ፔጅ ከፍተው በቀጥታ መሸጥ ቢጀምሩስ? ሐሳቤን ይዤ ሄጄ ሱቄን ጥዬ እንዳልመለስ ፈራሁ።"

ሁለት ቀን ስጪኝ አልኳት። ጥያቄው የንግድ ብቻ ስላልመሰለኝ ነው። ማስታወቂያውን አምራቹ ይክፈል ወይስ ቸርቻሪው የሚለው ክርክር ፌስቡክ ሳይፈጠር፣ ሬዲዮም ሳይኖር የተጀመረ ነው። በዚህ ክርክር ሱቃቸውን ያጡ አሉ፣ የከበሩም አሉ። ለሷ የነገርኳትን ትንሽ አስፍቼ እዚህ ልጻፈው፤ ከናንተም መካከል ከሰው ዕቃ ወስዶ የሚሸጥ ብዙ እንዳለ አውቃለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*የባለሱቁ ዘመን*

ድሮ የሚታወቀው ባለሱቁ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ውስጥ ሳሙና ልትገዛ የሄደች ሴት ከረጅም የሳሙና ግንድ ላይ ባለሱቁ ቆርጦና መዝኖ ነበር የሚሸጥላት። ብስኩት ከበርሜል ተዝቆ፣ ሻይ ከሳጥን ተሰፍሮ። ማን እንደሠራው አታውቅም፣ ማወቅም አያስፈልጋትም። የምታምነው ባለሱቁን ነው። ሳሙናው ቆዳዋን ቢልጣት የምትጣላው ከሱ ጋር ነው።

ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። "ደንበኛ" የምትለዋን ቃላችንን አስቧት። ገዢው ባለሱቁን "ደንበኛዬ" ይለዋል፣ ባለሱቁም ገዢውን "ደንበኛዬ" ይለዋል። ቃሏ ለሁለቱም እኩል ታገለግላለች። በርበሬ ወይም ቅቤ ስንገዛ ዛሬም ድረስ የምንጠይቀው "የማን ምርት ነው?" ብለን አይደለም፤ "ከማን ገዛሽው?" ብለን ነው።

በዚያ ዘመን ባለሱቁ ጉልበት ነበረው። አምራቹ ዋጋ ቢጨምርበት ከሌላ ይወስዳል፤ ገዢዋ ልዩነቱን አታውቀውም። ማስታወቂያ ካስፈለገም የሚያስነግረው ባለሱቁ ለራሱ ሱቅ ነበር።

*የሳሙና ነጋዴው ልጅ*

ይሄን የገለበጠው ሰው ራሱ የባለሱቅ ልጅ ነው። ዊልያም ሌቨር ይባላል። እንግሊዝ አገር ቦልተን በምትባል ከተማ አባቱ የሸቀጣ ሸቀጥ ጅምላ ንግድ ነበራቸው፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያው ሠርቷል። ሳሙና የሚቆርጠው ባለሱቅ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከማንም በላይ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በ1884 "ሰንላይት" የሚለውን ስም አስመዘገበ። ሳሙናውን በልኩ ቆርጦ፣ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ስሙን አትሞበት አወጣው። ከዚያ ማስታወቂያ ላይ ገንዘብ አፈሰሰ፤ ለባለሱቁ ሳይሆን በቀጥታ ለባለቤቲቱ እየተናገረ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሴትየዋ ሱቅ ገብታ "ሳሙና ስጠኝ" ማለቷን ትታ "ሰንላይት ስጠኝ" ማለት ጀመረች። ባለሱቁ "የለኝም" ካለ ቀጣዩ ሱቅ ትሄዳለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰንላይትን ላለመያዝ የሚችል ባለሱቅ አልነበረም። አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ሆነ፤ በ1898 የተመሠረተው ናሽናል ቢስኩት ኩባንያ ብስኩቱን ከበርሜል አውጥቶ በታሸገ ካርቶን አደረገውና "ዩኒዳ" የሚል ስም ሰጥቶ አገር ምድሩን በማስታወቂያ ሞላው። በርሜሉም ቀስ በቀስ ከሱቁ ወጣ።

ሌቨር የመሠረተው ድርጅት በኋላ ከአንድ የደች ማርጋሪን ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ዩኒሊቨር ሆነ። የዩኒሊቨር አንዱ ምርት ኦሞ ነው። እስቲ ሰፈራችሁ ያለ ሱቅ ሂዱ። "ኦሞ ስጠኝ" ስትሉት ባለሱቁ "የቱን ኦሞ?" ብሎ የሦስት ሌሎች ፋብሪካዎችን ዱቄት ሳሙና ያሳያችኋል! ስሙ ከዕቃው አልፎ የዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። "ሃይላንድ"ም እንዲሁ ነው፤ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፣ ዛሬ ባዶው ፕላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ ነው። የመጀመሪያውን ሃይላንድ ከየትኛው ሱቅ እንደገዛችሁ የሚያስታውስ አለ? የለም። ስሙን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ለተማሪዬ መጀመሪያ የነገርኳት ይሄንን ነው። ማስታወቂያ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ስም የማስቀመጥ ሥራ ነው። "ማን ከፈለ?" ከማለትሽ በፊት "ገዢው ጭንቅላት ውስጥ የሚቀረው የማን ስም ነው?" በይ። ባለፉት ሁለት ቡስቶችሽ የቀረው የምጣዱ ስም ከሆነ፣ በራስሽ ብር የሳቸውን ቤት ስትሠሪ ከርመሻል ማለት ነው። ልጠይቃቸው ማለትሽ ልክ ነው። ፍርሃትሽም ልክ ነው።

*ፍርሃቷ ከየት መጣ?*

ፍርሃቷ እውነት ለመሆኑ ሲንጀርን ማየት ይበቃል። መርካቶ ውስጥ በረንዳ ላይ ከሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች ጀምሮ እስከ እናቶቻችን ቤት ድረስ ሲንጀር የሚለውን ስም የማያውቅ የለም። አይዛክ ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1851 ነው። ኩባንያው ገና ደሃ ሳለ መኪናውን በየክልሉ የሚሸጡለት በራሳቸው የቆሙ ነጋዴዎች ነበሩ፤ በየአካባቢው የመሸጥ መብት ገዝተው ይሠሩ ነበር። ሰው አይቶት የማያውቀውን ዕቃ አስተዋውቀው፣ እንዴት እንደሚሰፋ አሳይተው ገበያውን የከፈቱት እነሱ ናቸው።

በኋላስ? ኩባንያው ገንዘብ ሲይዝ፣ ስሙም ሲታወቅ፣ የሸጠውን መብት መልሶ እየገዛ የራሱን ቅርንጫፎች ከፈተ። የሲንጀር ሸሪክ የነበረው ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 የጀመረው በየወሩ እየከፈሉ የመግዛት ዘዴም ኩባንያውን ከገዢው ጋር በቀጥታ አገናኘው። በየወሩ ክፍያ የሚሰበስበው የኩባንያው ሰው ስለሆነ ገዢዋ የምታውቀውም እሱን ሆነ። መሐል ላይ የነበረው ነጋዴ አላስፈለገም።

ሲንጀርን ክፉ ነው ለማለት አይደለም። መኪናው ሲበላሽ የሚጠግን፣ ለመስፋት የሚያስተምር ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ኩባንያው ይሄን ራሱ ቢሠራው ይሻለኛል ብሎ አመነ። እዚህ ላይ ተማሪዬን አንድ ነገር ጠየቅኳት። "አንቺ ለምጣዱ የምትሠሪለት፣ ሰውዬው ሊሠሩት የማይችሉት ወይም የማይፈልጉት ሥራ ምንድን ነው?"

አሰበችና ቆጠረችልኝ። ዕቃውን እስከ አራተኛ ፎቅ ታደርሳለች። የቤቱ ሶኬትና ገመድ ምጣዱን ይችል እንደሆነ የሚያይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ታመጣለች። የመጀመሪያውን እንጀራ አብራ ታሟሻለች! ሽቦው ሲቃጠል ማታ በሦስት ሰዓት የሚደወለው ለሷ ነው። "ሰውዬው ስልክ ማንሳት አይወዱም" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ግን መልሱ እሱ ላይ ነበር። ስልክ ማንሳት የማይወድ ሰው ፔጅ ከፍቶ በቀጥታ ለመሸጥ አይቸኩልም። ቢቸኩልም ብዙ አይቆይም።

*አንድ ዶላር የከፈሉት ሁለት ጠበቆች*

አሁን ወደ ደጉ በኩል እንምጣ። አምራቹና ቸርቻሪው ማስታወቂያውን ተካፍለው ሁለቱም የተጠቀሙበት ታሪክ አለ። የሁላችንም ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ኮካ ኮላ ነው።

ኮካ ኮላ መጀመሪያ የሚሸጠው በብርጭቆ፣ ፋርማሲ ውስጥ በሚገኝ ባንኮኒ ላይ ነበር። ባለፋርማሲው ሽሮፑን ይገዛና ከሶዳ ጋር ቀላቅሎ ይሸጣል። ኩባንያውን የያዘው ኤሳ ካንድለር ትንሽ ወረቀት እያሳተመ አደለ፤ ወረቀቱን ይዞ የመጣ ሰው አንድ ብርጭቆ በነፃ ይጠጣል። የነፃውን ብርጭቆ ሂሳብ ለባለፋርማሲው የሚመልሰው ኩባንያው ነው። ከ1894 እስከ 1913 ባለው ጊዜ ብቻ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ያህል ብርጭቆ በነፃ እንደተጠጣ ኩባንያው ይናገራል። አስተውሉ፤ ካንድለር ለባለፋርማሲዎቹ "ለማስታወቂያ" ብሎ ጥሬ ብር አልሰጠም። ሰው ወደ ሱቃቸው እንዲገባ አደረገ፤ የጠፋውንም ዕቃ ተካ። ወረቀቷም ተቆጥራ ስለምትመለስ ስንት ሰው እንደመጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

በ1899 ደግሞ ቶማስ እና ዋይትሄድ የሚባሉ የቻታኑጋ ከተማ ሁለት ጠበቆች ካንድለር ዘንድ ሄዱ። "ይሄን መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አድርገን እንሽጥልህ" አሉት። ካንድለር በጠርሙስ ነገር እምነት አልነበረውም። በአብዛኛው አሜሪካ የማሸግ መብቱን በአንድ ዶላር ሰጣቸው፤ ዶላሩንም አልተቀበለም ይባላል። ውሉ ግን ተጻፈ። የሽሮፑ ዋጋ ተቆረጠ፣ መብቱም ማብቂያ ጊዜ አልተበጀለትም።

ከ20 ዓመት በኋላ ኩባንያው ለሌሎች ባለሀብቶች ተሸጠ። የስኳር ዋጋም ሰማይ ነካ። አዲሶቹ ባለቤቶች ያን የድሮ ውል ሊያፈርሱት ሞከሩ። ነገሩ በ1920 ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ የሽሮፑ ዋጋ ከስኳር ጋር ከፍና ዝቅ እንዲል ተስማምተው ታረቁ፤ የአሻጊዎቹ መብት ግን ጸና። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ የሲንጀር ነጋዴዎች ዕጣ ይደርሳቸው ነበር።

እኛ አገር ግን በወረቀት ነገር እንተፋፈራለን። "ከጋሼ ጋር እንዴት ውል እጽፋለሁ፣ አያምኑኝም ማለት አይደለም ወይ?" አለችኝ ተማሪዬም። ልጄ፣ ውል የሚጻፈው ሳይጣሉ ነው። ከተጣሉ በኋላ የሚጻፈው ክስ ነው።

*"ለሌሎቹስ ምን እላለሁ?"*

በሦስተኛው ቀን ደወልኩላትና ይሄን ሁሉ ነገርኳት። ሄደች። ከሳምንት በኋላ መልሳ ደወለች። ሰውዬው ቡና አስፈልተው፣ በጥሞና ሰምተዋት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት፦ "ለአንቺ ከከፈልኩ፣ ከኔ ዘንድ ለሚወስዱት ለሌሎቹ ምን እላለሁ?"

መልስ አልነበራትም። እኔም ስሰማው ደነገጥኩ። እኚህ ከብየዳ የተነሱ ሰው የጠየቁት፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1930ዎቹ ሲከራከርበት የነበረውን ጥያቄ ነው።

ያኔ ኤ ኤንድ ፒ የሚባል የሸቀጣ ሸቀጥ ድርጅት ነበር። በ1930 አካባቢ ከ15,000 በላይ ሱቆች ነበሩት። በ1935 የምክር ቤት አባላት ሲመረምሩ ይሄ ድርጅት ከአቅራቢዎቹ "የማስታወቂያ ድጎማ" በሚል ስም በዓመት 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚቀበል ታወቀ። ድጎማው በስሙ የማስታወቂያ ነው፤ በተግባር ግን ትልቁ ገዢ አቅራቢውን ተጭኖ የሚያገኘው ሌላ ቅናሽ ሆኖ ነበር። ጎዳናው ማዶ ያለው ትንሽ ባለሱቅ ያንኑ ሳሙና፣ ያንኑ ብስኩት ይሸጣል፤ ለሱ ግን አምስት ሳንቲም የሚሰጠው የለም።

በ1936 ሮቢንሰን እና ፓትማን በሚባሉ ሁለት የምክር ቤት ሰዎች ስም የሚጠራ ሕግ ወጣ። ከአንቀጾቹ አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ አቅራቢ ለአንዱ ቸርቻሪ የማስታወቂያ ገንዘብ ከሰጠ፣ ከሱ ጋር ለሚወዳደሩትም እንደየግዢያቸው መጠን በተመጣጠነ መንገድ ማቅረብ አለበት። ሕጉን ብዙ ሰው ተችቶታል። ዋጋ አስወድዷል የሚሉ አሉ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህም መንግሥት ብዙ አልተጠቀመበትም። የአንቀጹ ሐሳብ ግን ጤናማ ነው፤ ድጎማው ለፊት ሳይሆን ለግዢ ይሁን፣ ሁሉም በሚያውቀው ደንብ ይሰጥ ማለት ነው።

ተመሳሳዩን ኢንቴል ያለ አስገዳጅ በ1991 ሠርቶበታል። ኢንቴል የኮምፒውተሩን አእምሮ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ነው የሚሠራው፤ ኮምፒውተሩን የሚሸጡት ሌሎች ናቸው። ኢንቴል ሻጮቹ ከሱ ከገዙበት ዋጋ ላይ የተወሰነውን ለማስታወቂያ እያጠራቀመ፣ በማስታወቂያቸው ላይ የሱን ምልክት ሲያወጡ ወጪያቸውን በከፊል ይከፍልላቸው ነበር። ብዙ የገዛ ብዙ፣ ጥቂት የገዛ ጥቂት። ማስታወቂያው ላይ ሁለት ስም አለ፤ የኮምፒውተሩ ሻጭ እና የኢንቴል።

"በቃ፣ ይሄንን ንገሪያቸው" አልኳት። "'ለእኔ ብቻ ይክፈሉልኝ' አትበያቸው። 'ከእርስዎ ይሄን ያህል ምጣድ ለወሰደ ሁሉ ይሄን ያህል ያግዙ' በያቸው። ያኔ ለሌሎቹ የሚሉት አላቸው።"

*እኛም እናውቀዋለን እኮ*

ይሄን ሁሉ የውጭ ታሪክ ስጽፍ "ለኛ አይሠራም" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እስቲ ከቤት ውጡና የሰፈራችሁን ሱቅ ታፔላ ተመልከቱ። ከላይ በትልቁ የለስላሳው ምልክትና ቀለም፤ ከታች በትንሹ "እገሌ ሱቅ"። ታፔላውን ያሠራው ባለሱቁ አይደለም፣ አቅራቢው ነው። ግሮሰሪው በር ላይ ያለው ጃንጥላ፣ የቢራ ብርጭቆው፣ የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ የታተመው ስም ሁሉ ያው ነው። አምራችና ቸርቻሪ ማስታወቂያ መካፈል እኛ አገር ስንት ዘመኑ! አዲሱ ነገር ታፔላው ከበር ላይ ወርዶ ስልክ ውስጥ መግባቱ ነው። የጎግል የማስታወቂያ ገበያ በ2000፣ የፌስቡኩ በ2007 ሲከፈት ትንሽ ሰው በትንሽ ብር ታፔላ የሚሰቅልበት በር ተከፈተ።

ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ለተማሪዬም አጥብቄ የነገርኳት እሱን ነው። የእንጨቱ ታፔላ የማንም ስም ቢጻፍበት የተሰቀለው ያንቺ በር ላይ ነው፤ ያየው ሰው የሚገባው ያንቺ ሱቅ ነው። የስልኩ ታፔላ ግን በሩ ተንቀሳቃሽ ነው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ስልክ ቁጥር የማን ነው? ፔጁን የሚከፍተው ቁልፍ ማን እጅ ነው? የጠየቁት ሰዎች ስምና አድራሻ የሚቀመጠው የት ነው? ሰውዬው ወጪውን በሙሉ ሸፍነው በራሳቸው ፔጅና ስልክ ከሚያሠሩት፣ ግማሹን ብቻ ሸፍነው ባንቺ ቻናልና ባንቺ ስልክ ቢወጣ ይሻልሻል። ሙሉውን የከፈለ ሙሉውን በር ይወስዳል።

*ብሩ ምን እንደሠራ መቁጠር*

ሌላው የድሮ ሰዎች ብልሃት ቆጠራ ነው። በፖስታ ዕቃ የሚሸጡ የአሜሪካ ነጋዴዎች በየጋዜጣው ላይ የሚያወጡት ማስታወቂያ አድራሻው ትንሽ ትንሽ ይለያይ ነበር። በአንዱ ጋዜጣ "ክፍል 5"፣ በሌላው "ክፍል 6" ብለው ያሳትማሉ፤ ደብዳቤው ሲመጣ በየትኛው ጋዜጣ እንደመጣ ያውቃሉ። ክሎድ ሆፕኪንስ የሚባለው የማስታወቂያ ሰው በ1923 ባሳተመው መጽሐፉ ዋናው መልእክቱ ይሄው ነበር፤ ማስታወቂያ እንደ ሻጭ ሠራተኛ ነው፣ ስንት እንደሸጠ እየተቆጠረ ደመወዙ ይታሰብ ነው ነገሩ።

ተማሪዬ ሁለት ጊዜ ቡስት ስታስደርግ አልቆጠረችም። "ብዙ ሰው ደወለ" ነው የምትለው። ብዙ ስንት ነው? ስለዚህ ለማስታወቂያው ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሲም ካርድ ገዛች። በዚያ ቁጥር የደወለውን በደብተር ትመዘግባለች፤ ስንት ደወለ፣ ስንት ገዛ። የዚህ አገር ትንሽ ነጋዴ ለፌስቡክ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ያለው ሰው ፈልጎ ነውና፣ የመካከለኛው ሰው ድርሻም ደብተሩ ላይ ይግባ አልኳት።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፦ ከአንድ ምጣድ 600 ብር የምታተርፍ ከሆነና 3,000 ብር ለማስታወቂያ ከወጣ፣ አምስት ምጣድ ቢሸጥ እኩል ወጣች፣ አላተረፈችም። ሰውዬው ግማሹን ከሸፈኑ ሦስተኛው ምጣድ ላይ ወጪዋን አልፋ ማትረፍ ትጀምራለች። እሳቸውም በየምጣዱ የየራሳቸው ትርፍ አላቸው፤ ምናልባትም ከሷ የሚበልጥ። ይሄን በቁጥር ስታሳያቸው ልመና መሆኑ ይቀርና ሂሳብ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን መጠየቅ የነበረባትን ጥያቄ በመጨረሻ ነው ያስታወስኩት፤ የአስተማሪ ነገር! "ምጣዱ ወርክሾፑ ውስጥ ተሠርቶ ይከማቻል ወይስ ሳይደርስ ነው የሚያልቀው?" የሠራው ሁሉ ለሚሸጥለት ሰው ማስታወቂያ ራስ ምታት ነው፤ የማይደርስለትን ትዕዛዝ ያመጣበታል። ደግነቱ የሳቸው ክረምት ክረምት ይከማቻል። ስለዚህ ሐሳቧን ለክረምቱ አደረገችው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጠኋት። ቻናሏ ላይ "መብራት በግማሽ ይቆጥባል" የሚል ጽሑፍ አይቼ ነበር። ማን ለካው ብላት፣ "ጋሼ ናቸው ያሉኝ" አለች። በ2012 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል። አዋጁ ባይኖርም፣ የመብራት ሂሳቡ ወር ጠብቆ ሲመጣ አራተኛ ፎቅ ያለችው ደንበኛዋ የምትደውለው ለጋሼ አይደለም። ጽሑፉን አነሳችው።

*መጨረሻው*

ባለፈው ቅዳሜ ደወለች። ሰውዬው ጥሬ ብር አልሰጥም አሉ። ነገር ግን ለሚወስድላቸው ነጋዴ ሁሉ የሚሠራ ደንብ አወጡ፤ በክረምቱ ሁለት ወር ውስጥ 20 ምጣድ ለወሰደና ማስታወቂያ ማሠራቱን በደረሰኝ ላሳየ፣ አንድ ምጣድ በነፃ። ካንድለር ለባለፋርማሲዎቹ እንዳደረገው፣ ክፍያው በዕቃ ሆነ ማለት ነው! ማስታወቂያው ላይ የምጣዱ ስም ይኖራል፣ ስልኩ የነጋዴው ይሆናል። ይሄም በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ተፈረመ። መጀመሪያ ወረቀት ይጻፍ ያሉትም ራሳቸው ናቸው፤ እሷ በከንቱ ነው ስትፈራ የነበረው።

ያዋጣታል ወይ? ደብተሩ ከሁለት ወር በኋላ ይናገራል። ላያዋጣም ይችላል። እሳቸውም ከዓመት በኋላ ስልክ የሚያነሳ ልጅ ቀጥረው በራሳቸው መሸጥ ይጀምሩ ይሆናል፤ ሲንጀርም አድርጎታል። ያን ቀን የሚያተርፋት ነገር ቢኖር አራተኛ ፎቅ ድረስ የወጣችበት፣ የመጀመሪያውን እንጀራ ያሟሸችበት ቤት ሁሉ ስሟን ማወቁ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምጣድ ጋር የሷ ስምና ስልክ ያለበት ትንሽ ወረቀት ክዳኑ ላይ እንድትለጥፍ ነገርኳት። ያንን ማንም አይከፍልላትም፤ በራሷ ብር ነው።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ "ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ እንዲህ ብታስተምሩን ኖሮ አልተኛም ነበር" አለችኝ። ተቀብያለሁ።

እናንተስ? ከሰው ዕቃ ወስዳችሁ የምትሸጡ፣ ወይም ሠርታችሁ ለነጋዴ የምታስረክቡ፣ ማስታወቂያውን ማን ነው የሚከፍለው? ስልኩስ የማን ነው የሚጻፈው? ከታች ጻፉልኝ፤ እሷም ታነበዋለች።

ቸር እንሰንብት።